ይድረስ ለክቡር የዓይን ሚዛን

ጉዳዩ፦ በስሜ ስለተጨመረ 4 ኪሎ ከ700 ግራም

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አልጠይቅም። ደኅና እንደሆኑ አውቃለሁ። ትናንትም የአንዱን ዓሣ ሲያወፍሩ አይቼዎታለሁ።

ይህን የምጽፍልዎ ባለፈው በያዝኩት ካርፕ ምክንያት ነው። ዓሣው ገና መረብ ውስጥ ሆኖ ውኃውን ሲያንቦጫርቅ እርስዎ ቀድመው ፈረዱ። «13 ኪሎ፣ ቢያንስ!» አሉ። ይህቺ «ቢያንስ» የምትባል ነገር መቼም የእርስዎ ፈጠራ ናት። እኔ ሞኙ አመንኩዎት። እዚያው ቆሜ ለሦስት ሰው ደወልኩ።

ችግሩ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ነው። ከኪሱ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የልብስ ሰፊ ሜትር! ዓሣ ለማጥመድ ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ።

ዓሣውን እርጥብ ምንጣፍ ላይ አጋደምነው። ከአፉ እስከ ጅራቱ ጫፍ 78 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቀጥሎ የወገቡ ዙሪያ ነው፤ ሆዱ የሰፋበት ቦታ ላይ፣ ከጀርባው ክንፍ ፊት። ቆዳው ስለሚያሟልጭ ሜትሩን በጣቴ ያዝ አደረግኩና «58!» ብዬ ጮህኩ። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ አየ። «አውራ ጣትህን ከሥር አውጣ» አለኝ። አወጣሁ። 56።

ስሌቱን ሰምተውት አያውቁ ይሆናል። ርዝመቱን በዙሪያው ያባዛሉ። የመጣውን እንደገና በዙሪያው ያባዛሉ። ከዚያ ለ28,900 ያካፍላሉ። ኪሎው ይወጣል። በኢንችና በፓውንድ የሚሠሩት ለ800 ያካፍላሉ፤ ነገሩ ያው ነው። እንደ ፓይክ ላለ ሸንቃጣ ዓሣ አካፋዩን ወደ 32,500 ከፍ ማድረግ ነው። የእኔ ዓሣ ሸንቃጣ አልነበረምና 8 ኪሎ ከ460 ግራም ወጣ። ከነአውራ ጣቴ ቢሆን ኖሮ 9 ኪሎ ከ80 ይሆን ነበር። አንድ አውራ ጣት ከ600 ግራም በላይ! ዙሪያው ሁለቴ ስለሚባዛ እዚያ ላይ የምትደረግ ሌብነት ትንሽ አይደለችም።

በመጨረሻ ዓሣው በከረጢት ሆኖ ሚዛን ላይ ተንጠለጠለ። 9 ኪሎ! ልቤ ሞቅ አለ። ያ ጉደኛ ጓደኛዬ ግን ዓሣውን ከለቀቅን በኋላ ባዶውን እርጥብ ከረጢት ለብቻው መዘነው። 700 ግራም። ቀሪ፣ 8 ኪሎ ከ300። እንግዲህ ሜትሩ የሳተው 160 ግራም ነው። እርስዎ የሳቱትን ከላይ ጉዳዩ ላይ ጽፌልዎታለሁ።

መሳሳትዎ ባልከፋኝ፤ ሁላችንም እንሳሳታለን። ግን እስከ ዛሬ አንዴ እንኳ ወደ ታች ሲሳሳቱልኝ አላየሁም። ይቅርታ፣ አይቻለሁ። ጎረቤቴ ትልቅ ዓሣ የያዘ ዕለት «እሱማ 4 ኪሎ ቢሞላ ነው» ብለውኛል። ያኔ ወደድኩዎት።

ፎቶ ላይ ደግሞ ባሰብዎት። ሰውየው ክንዱን እስኪገነጠል ወደ ካሜራው ይዘረጋል፤ ዓሣው ከፊት ግዝፍ ይላል፤ ባለቤቱ ከኋላው እንደ ሕፃን ልጅ ያንሳል። ስንዝሩን እንደ ክንድ ያያሉ። ርዝመት ላይ ጥቂት ሲጨምሩ ኪሎው ምን እንደሚሆን ግን ያውቃሉ? ቅርፁ ሳይለወጥ ርዝመቱ በ10 በመቶ የጨመረ ዓሣ ክብደቱ በ33 በመቶ ይጨምራል። እጥፍ የረዘመው ደግሞ ስምንት እጥፍ ይከብዳል። ለዚህ ነው እርስዎ ትንሽ ዓሣ ላይ ብዙም የማይታሙት፤ የሚያብዱት ትልቅ ሲመጣ ነው። ያመለጠውንማ ተዉት። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ ዓሣ አንገት ስለሌለው እርስዎ ሌላውን ሁሉ አስረዘሙለት።

የዓሣ ማጥመድ የዓለም ክብረ ወሰን የሚመዘግበው አይጂኤፍኤ የተባለው ማኅበር ዘንድ ቢቀጠሩ አንድ ቀን አይውሉም። እዚያ ግምት የሚባል ነገር አይቀበሉም። ጀልባ ላይ ብቻ የተመዘነም አይሆንም። መርፌዋ በሁለት ጭረቶች መሐል ብትቆም የሚጻፈው የታችኛው ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ 10 ኪሎ ከ90 ግራም ገደማ የሚመዝን ላርጅማውዝ ባስ የተባለ ዓሣ ተያዘ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ በ30 ግራም ገደማ የሚበልጥ ያዘ። ከ77 ዓመት በኋላ! በለጠ ተባለ? የለም፣ እኩል ተብሎ ተመዘገበ። በዚያ ክብደት ላይ ክብረ ወሰን ለመስበር ቢያንስ በ57 ግራም ገደማ መብለጥ አለበትና። አዩልኝ፣ «ቢያንስ» እዚያ ቤት ሥራ አላት። ሰዎች በአንድ እንቁላል ሚዛን ሲነታረኩ እርስዎ ኪሎ በአካፋ ይዝቃሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የደወልኩላቸው ሦስቱ ሰዎች ለሌሎች አውርተዋል። ዓሣው ውኃው ውስጥ ተመልሶ ገብቶ እንኳ ማደጉን አልተወም፤ ትናንት 15 ኪሎ መድረሱን ሰማሁ። ስለዚህ ሦስቱም ጋ እርስዎ ራስዎ ደውለው እንዲያስረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ስልኬን አጥፍቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የ8 ኪሎ ከ300ው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለአውራ ጣቴ፣ ባለበት