«የቱርክ ነው»

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፤ ራሴንም ጨምሬ።

መርካቶ ገብታችሁ አንድ ካኒቴራ ስታነሱ ሻጩ ምን ይላችኋል? «የቱርክ ነው!» ይላል በኩራት። ታምናላችሁ፤ ሳትከራከሩ ትከፍላላችሁ። እዚሁ የተሰፋ ከሆነ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያገር ውስጥ ነው፣ ግን ጥሩ ነው» ይላል። ያቺን «ግን» ያስተማርነው እኛ ነን።

ከሜክሲኮ ተነስታችሁ፣ አየር ጤናን አልፋችሁ፣ በጅማ መንገድ አለም ገና ስትደርሱ አይካ አዲስ የሚባል ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ክሩን ፈትሎ፣ ጨርቁን ቀልሞ፣ ልብሱን ሰፍቶ ወደ ጀርመን ይልክ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው ቀጥሮ ነበር። የገነባው የቱርክ ኩባንያ ነው፤ ብድሩ ግን የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ነው። አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዕዳው ከበደውና በባንኩ እጅ ወደቀ። ለጨረታ ቀረበ፣ ገዢ ጠፋ። ይህን ስንሰማ ማኪያቶአችንን እያማሰልን ምን አልን? «እሱ እኮ የቱርክ ነው።»

የማን? ልማት ባንክ የሚያበድረው ብር ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል? ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት እያንዳንዱ የግል ባንክ ከሚሰጠው ብድር 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ መግዣ እንዲያውል ይገደድ ነበር፤ ከዚያ ገንዘብ ወደ ልማት ባንክ ይሄድ ነበር። ዕቁባችሁ ሲደርሳችሁ ሮጣችሁ ያስቀመጣችሁት፣ ለልጅ ትምህርት ያላችሁት ብር በዚያ ውስጥ አለበት። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ባንኩ ካበደረው ውስጥ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው የተበላሸ ብድር ነበር። የአርሴናል ተጫዋች በስንት ሚሊዮን ፓውንድ እንደተዛወረ በቃላችሁ የምታውቁ ሰዎች፣ ይህቺን ቁጥር ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል?

ጥፋቱ ሁሉ የእኛ የልብስ ገዢዎች ነው አላልኩም። መብራት ሲቆራረጥ ማቅለሚያ ውስጥ ያለ ጨርቅ ይዥጎረጎራል። ለቀለምና ለመለዋወጫ ዶላር ሲጠየቅ ተራ ጠብቁ ይባላል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገሪቱ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ከአጎዋ ስትወጣ ለአሜሪካ የሚሰፉት ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ ገበያቸውን ተነጠቁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የሚያናድደኝ ግን ባይተዋርነታችን ነው።

አክስቴ ክር ፋብሪካ ፈታይ ነበረች። ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ፀጉሯ ጥጥ ለብሶ፣ እኛ ልጆቹ «ሸበትሽ!» እያልን እንስቅባት ነበር። የትኛው ማሽን ክር ሊበጥስ እንደሆነ ከድምፁ እንደምታውቅ ትናገር ነበር። አንድ ቀን «መዋቅር ተሻሻለ» ተባለና ከነጓደኞቿ ተሰናበተች። ቤታችን መጥታ ስትነግረን ሁላችንም የጠየቅናት የሚከፈላትን ብር ብቻ ነው። ያ ሁሉ ዕውቀቷ የት እንደሚወድቅ አንድም ሰው አልጠየቃትም፤ እኔም ጭምር።

ባሕላችን ሲባል ደረታችንን እንነፋለን። ሸማ ተራ ስንደርስ ግን ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሠራውን ጥበብ ትተን ማሽን ያተመውን የቻይና «የሐበሻ ቀሚስ» እንገዛለን፤ በዓል ላይ ለብሰን ፎቶ እንነሳለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን እንተርታለን፣ ድሩን ማን እንደሚፈትለው ሳንጠይቅ። ሰልባጁንማ ተዉት። ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ዕቃ በጠራራ ፀሐይ ተዘርግቶ ጎንበስ ብለን እየመረጥን ነው። ምናልባት አንዱ ካኒቴራ አለም ገና ተሰፍቶ፣ ጀርመን ተለብሶ፣ አርጅቶ የተመለሰ ይሆናል። እሱንም በጀርመን ስም ነው የምንገዛው።

ነገ መርካቶ ስትወርዱ ሻጩ «የቱርክ ነው» ሲላችሁ፣ «እዚህ የተሰፋ የለህም?» በሉት። መጀመሪያ ይስቅባችኋል። ደግማችሁ ጠይቁት።