ማስተካከያ፦ የፕሪየስ ናቪጌሽን ዲቪዲ ያለው ወንበር ስር ነው

ባለፈው ጽሑፌ፣ በሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ (የአሜሪካው፣ ከ2004 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ሞዴል) የካርታው ዲቪዲ ማንበቢያ ከስክሪኑ ጀርባ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ማንበቢያው ያለው ከሹፌሩ ወንበር ስር ነው። ስክሪኑ የሚያሳይና ንክኪ የሚቀበል ብቻ ነው። ከሱ በታች ያለው የሲዲ ማስገቢያም የሬዲዮው እንጂ የካርታው አይደለም፤ እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ካርታ ለመቀየር ብላችሁ ዳሽቦርድ አትፍቱ። በእኔ ምክር ፕላስቲኩን የነቀላችሁ ካላችሁ፣ በጣም ይቅርታ! ጎንበስ ብሎ ወንበሩ ስር ማየት ይበቃል። እዚያ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ ግን እንዳትነኩት፤ የኤርባግ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ የጻፍኩት ልክ ነው፦ ባለ 12 ቮልቱ ከኋላ፣ በዕቃ መጫኛው ቀኝ በኩል ነው።