የኢሜይል አድራሻ ከመስመሩ ጋር ለምን ይቆረጣል?

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ፣ ነጋዴዎች ስለ ኢንተርኔት አገልግሎት በተወያዩበት መድረክ ላይ አንድ ቡና ላኪ ተነሥተው፣ የኢንተርኔት ድርጅት ብቀይር ለ12 ዓመት የሠራሁበት የኢሜይል አድራሻ ምን ይሆናል ሲሉ ጠየቁ። ከአገልግሎት ሰጪዎቹ አንዱን ወክለው የመጡት ባለሙያ፣ ውሉ ሲቋረጥ አድራሻውም አብሮ እንደሚዘጋ ከገለጹ በኋላ «አዲስ መክፈት እኮ በነፃ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» የሚል ምክር ጨምረው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፉ። ላኪው ማይክሮፎኑን መልሰው ተቀመጡ። እኔ ግን ይህን መልስ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም፤ ደንበኛን የሚንቅ መልስ ነውና።

አድራሻ መክፈት አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅ ማን ጠፋው? ሰውየው የጠየቁት ስለ መክፈት አልነበረም። አድራሻ ባለቤቱ ቤት የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ የሚኖረው በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። በደረሰኛቸው፣ በማኅተማቸውና በበራቸው ታፔላ ላይ ያለውን በገንዘባቸው ያስቀይሩ እንበል። ሃምቡርግ ባለ ገዥ መዝገብ ውስጥ የሰፈረውን ግን ማን ይሰርዘዋል? ከሦስት ዓመት በፊት ናሙና ቀምሶ፣ ዋጋው አልስማማ ብሎት ዝም ብሎ የቆየ፣ ዘንድሮ ግን የሊሙ ቡና ፈልጎ ሊጽፍላቸው የተዘጋጀ ሌላ ገዥስ? ለዚህ ሰው «አድራሻዬ ተቀይሯል» የሚል መልእክት አስቀድሞ መላክ አይቻልም፤ እንደሚጽፍ የሚያውቅ የለምና። ይጽፋል፤ ደብዳቤው ተመልሶ ይመጣበታል፤ ድርጅቱ ተዘግቷል ብሎ ይደመድምና ከሌላ ይገዛል። ላኪው ገበያ ማጣታቸውን እንኳ ሳያውቁ ይቀራሉ። ይህን ኪሳራ በአምስት ደቂቃ የሚመልስ ባለሙያ ካለ እዚሁ መጥቶ ያሳየን።

ነገሩ በገዥ ብቻ አያበቃም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ምንጣሮ ደንብ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ስለሚጠይቅ፣ ከጎማና ከሊሙ ገበሬዎች ማሳ የተወሰደው መረጃ፣ ውሉ፣ የመርከብ ሰነዱና ከባንክ ጋር የተደረገው የደብዳቤ ልውውጥ ሁሉ በዚያው አንድ ሣጥን ሲመላለስ ኖሯል። ከዚህም በላይ ይህ አድራሻ የብዙ በሮች ቁልፍ ነው። የይለፍ ቃል የረሳ ሰው አዲስ ማስገቢያ የሚላክለት በኢሜይሉ ነው፤ ኢሜይሉ የተዘጋበት ሰው ከሌሎች መዝገቦቹም ተቆልፎ ይቀራል። የተዘጋው አድራሻ ደግሞ ኋላ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ቁልፉ በማያውቁት ሰው ኪስ ገባ ማለት ነው። ይህ የፈጠርኩት ስጋት አይደለም። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2013 ለረጅም ጊዜ ያልተነኩ አድራሻዎችን ለአዲስ ተጠቃሚዎች ማከፋፈል ሲጀምር፣ አዲሶቹ ባለቤቶች የቀድሞዎቹን የግል ደብዳቤዎች ሲቀበሉ ተገኝተዋል። ስለዚህ የጅማው ተወካይ አድራሻው ይዘጋል ብለው ሲያልፉ፣ ከተዘጋ በኋላ ለማን እንደሚሰጥ ሳይናገሩ መቅረታቸው ቀላል ጉድለት አይደለም።

ቴክኒኩ አይፈቅድም የሚሉም አሉ። ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለው የድርጅቱ ስም ስለሆነ፣ አድራሻውን እንደ ስልክ ቁጥር ወደ ተወዳዳሪ ድርጅት ማዛወር እንደማይቻል እቀበላለሁ። ለቀድሞ ደንበኛ የመጣን ደብዳቤ ወደ አዲሱ አድራሻው ማስተላለፍ ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ኢሜይል የሚተላለፍበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ፣ ሰው ቦታ እንደሚቀይር ታስቦ ሁለት መልሶች ተቀምጠውለታል፤ 251 «ተቀባዩ እዚህ የለም፣ እኔ አደርስለታለሁ» ማለት ሲሆን፣ 551 «ተቀባዩ እዚህ የለም፣ በዚህኛው አድራሻ ሞክር» ማለት ነው። ከ40 ዓመት በፊት የታሰበበትን ነገር ዛሬ አይቻልም ብሎ መመለስ አለመፈለግ እንጂ አለመቻል አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ሕግ፣ ውሉን ያቋረጠ ደንበኛ በቀድሞ አድራሻው የሚመጣለትን ደብዳቤ ለ6 ወር ያለ ክፍያ እንዲያገኝ አድርጋለች። የፈረንሳይ ድርጅቶች በዚህ ምክንያት አልከሰሩም።

«ለምን ጂሜይል አልተጠቀሙም?» የሚለው ጥያቄም በዚያው መድረክ ከኋላ ወንበር ተሰምቷል። ዛሬ ለሚጀምር ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ መስመር ሲገባለት ከመስመሩ ጋር አድራሻ ተሰጥቶት፣ ለንግድ ሥራ የሚታመነው ይህ ነው ተብሎ ለተነገረው ሰው ግን ወቀሳ ነው። እኚህ ላኪ የተሰጣቸውን ተቀበሉ፤ ሌላ ጥፋት የለባቸውም።

በአገራችን ይህ ጥያቄ ቀድሞ ያልተነሣው የሚቀየር ድርጅት ስላልነበረ ነው። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቴሌኮም ገበያውን ከከፈተና በ2015 ሁለተኛው ኦፕሬተር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ምርጫ አላችሁ እየተባልን ነው። ሲሄድ አድራሻውን የሚነጠቅ ሰው ምን ምርጫ አለው? ጎረቤታችን ኬንያ የስልክ ቁጥርን ይዞ ኦፕሬተር መቀየርን እ.ኤ.አ. በ2011 ያስጀመረችው ቁጥሩ ደንበኛውን እንዳያስረው ነበር። የኢሜይል አድራሻም ከዚያ ባልተናነሰ ያስራል።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ መመሪያ ያውጣ። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ደብዳቤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያለ ክፍያ ወደ አዲሱ አድራሻ ይተላለፍ፤ አድራሻውም ለሌላ ሰው ፈጽሞ አይሰጥ። አንድ ዓመት ያልኩት ከመኸር እስከ መኸር ስለሆነ ነው፤ የቡና ገዥ በየወሩ አይጽፍም። አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ደግሞ በራሳቸው ስም ዶሜይን፣ ማለትም ከ«አት» ምልክቱ በኋላ የሚገባውን ስም፣ ያስመዝግቡ፤ ያን ጊዜ ድርጅት ቢቀይሩ ደብዳቤው የሚያርፍበትን ሰርቨር መቀየር ብቻ ይበቃቸዋል፤ አድራሻው እንዳለ ይቀጥላል።

ከስብሰባው በኋላ ላኪውን በር ላይ አግኝቼ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው። መስመራቸው በቀን ብዙ ጊዜ እንደሚቆራረጥ፣ የተሻለ ዋጋም እንደቀረበላቸው ነገሩኝ፤ ቢሆንም መኸሩ እስኪያልፍ ውሉን አያፈርሱም።