«ቆጥቡ» ብቻ ብሎ ዝም

የሚያንገበግበኝ «ቆጥቡ» እያሉ አሳድገውን ዋናውን ነገር አለመንገራቸው ነው። ባንክ ለቁጠባ 7 በመቶ ወለድ ሲከፍል፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ታዲያ ቆጣቢው አልከሰረም?

ታናሽ እህቴ ከመጀመሪያ ደመወዟ ጀምራ ለፍሪጅ ስታጠራቅም ነበር። ምሳዋን ቋጥራ፣ ታክሲ ትታ በእግሯ እየሄደች! ሞላልኝ ስትል ዋጋው እጥፍ ሆኖ ጠበቃት። ደብተሯ ላይ ሳንቲም አልጎደለም፤ የጎደለው ብሩ የሚገዛው ነው። ሐምሌ 2016 ደግሞ የምንዛሬ ለውጡ መጣና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ከውጭ ለሚመጣ ዕቃ ብሩ የሚገዛው ይበልጥ ቀነሰ ማለት ነው።

12 ዓመት ሙሉ ስንማር ይህን የሚያስረዳን አንድ አስተማሪ እንዴት ይጠፋል? ዘመድ መጥቶ «የዛሬ ልጆች ገንዘብ መያዝ አታውቁም» ሲላት ደግሞ ደሜ ይፈላል!