«ትርጉሙ ያልታወቀ» ውጤት ይነገራት ወይስ ይቆይ?

የመከራከሪያው ነጥብ፦ በዘር የሚወረስ ካንሰር ላይ ምርምር የሚሠራ ሐኪም እጅ እንዲህ ያለ ውጤት ገባ እንበል። ተሳታፊዋ የ38 ዓመት ሴት ናት፤ የጡት ካንሰር ይዟታል። ሲበላሽ የጡትና የእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ስጋትን በሚጨምረው፣ ቢአርሲኤ2 በተባለው ዘረመል ላይ አንድ ፊደል ተቀይሮ፣ ፕሮቲኑ ውስጥ አንዱ አሚኖ አሲድ በሌላ ተተክቷል። ኤሲኤምጂ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና ጄኔቲክስ ማኅበር ከሌላ የሙያ ማኅበር ጋር በ2015 ባወጣው ባለ አምስት እርከን መመዘኛ፣ ለውጡ መሀል ላይ ወደቀ። ጎጂ ነው አይባልም፤ ጉዳት የለውም ለማለትም ማስረጃ የለም። ባለሙያዎቹ «ቪዩኤስ»፣ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ፣ ይሉታል። ሐኪሙ ይንገራት?

ይነገራት

ይህን እንቆቅልሽ ኮምፒውተር ብቻውን አይፈታውም፤ ለውጡ በቤተሰቡ ውስጥ ከበሽታው ጋር አብሮ መውረዱን ለማየት ዘመድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የዘር ሐረግ ይሳላል። ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ቤተሰብ ስም መጥራቱ አይከብድም። የሚከብደው ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን እንደታመመ ማወቁ ነው። «ሆዷ አብጦ ሞተች» የተባለችው አክስት የእንቁልጢ ካንሰር ይዟት ሊሆን ይችላል፤ የፓቶሎጂ (የሕዋስ ምርመራ) ወረቀቷ ካለ ተፈልጎ ይወጣል። ቀጥሎ ከታመሙት ዘመዶች፣ በተለይ ራቅ ካሉት፣ ደም ይወሰዳል። አንድን ብርቅ ለውጥ እህት የመጋራት ዕድሏ ከ2 አንድ ነው፤ የአክስት ልጅ ግን ከ8 አንድ። ስለዚህ ለውጡ በታመመች የአክስት ልጅ ላይ ቢገኝ ጎጂ ለመሆኑ ከእህት ይልቅ ይመሰክራል። ጤነኛዋን የ25 ዓመት ታናሽ እህት መመርመር እዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ለመታመም ገና ናትና። እንግዲህ ለተሳታፊዋ ሳይነገር ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል? «የአክስትሽን ልጅ ይዘሽ ነይ፤ ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቂ» ልንላት ነው?

በእኛ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። የአንድ ሰው ዘረመል ባለሙያዎች ለማነጻጸሪያ ከሚጠቀሙበት የዘረመል ቅደም ተከተል ከ4.1 እስከ 5 ሚሊዮን በሚሆኑ ቦታዎች ይለያል፤ ብዙው ልዩነት የሚታየው አፍሪካዊ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። አንድ ለውጥ በሕዝብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታይ የሚያሳዩት መዝገቦች ግን በአብዛኛው በአውሮፓውያን የተሞሉ ናቸው። በሕዝብ ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የሚታይ ለውጥ ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልገው ጉዳት የለሽ ይባላል፤ ያልተቆጠረ ሕዝብ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። ዝም ካልን የኛ ሰው ቪዩኤስ ቪዩኤስ እንደሆነ ይቀራል።

ይቆይ

በሐረጉ ሥራ ላይ ክርክር የለኝም፤ ባልደረባዬ በሚገባ አስቀምጠውታል። የእኔ ጭንቀት ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ያለው ነው።

በፊት ያለውን ላስቀድም። ውጤቱ የእሷ ለመሆኑ ምን ዋስትና አለ? በምርምር ላቦራቶሪ ናሙና የሚደረደረው ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ ነው። ሳህኑ ዞሮ ከገባ ኤ1 የነበረው ኤች12 ይሆናል፤ የሁሉም ውጤት ለሌላ ሰው ይሰጣል። የተለመደው መፈተሻ ጾታን ማመሳከር ነው፤ ተሳታፊዎቹ በሙሉ ሴቶች በሆኑበት የጡት ካንሰር ጥናት ግን እሱም አይይዘውም። ለዚህ ነው ባዶ ጉድጓዶች አንድ ጥግ ላይ ብቻ የሚተዉት፤ መዞሩን ያጋልጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ክሊያ በተባለው የላቦራቶሪ ጥራት ሕግ መሠረት ፈቃድ የሌለው ላቦራቶሪ ያወጣውን ውጤት ለሕክምና መስጠት የማይፈቀደውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ናሙናው የራሷ ቢሆንም ደም ሊዋሽ ይችላል። የተወረሰ ለውጥ መሣሪያው ከሚያነባቸው የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ግማሽ ገደማ ላይ ይታያል። ቲፒ53 በተባለው ሌላ የካንሰር ዘረመል ላይ 15 በመቶ ብቻ ከታየ፣ በተለይ ኬሞቴራፒ ከወሰደች በኋላ ከሆነ፣ የደም ሴሎቿ ብቻ ያፈሩት ለውጥ ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሴል አሳድጎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መቅኔ የተለገሳት ከሆነች ደግሞ ደሟ የሚናገረው ስለ ለጋሹ ነው።

አሁን ወደ በኋላው ልምጣ። ቪዩኤስ በስሌት ሲገለጽ፣ ጎጂ የመሆን ዕድሉ ከ10 እስከ 90 በመቶ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚህ ተመርቶ ሕክምና እንዳይቀየር ኤንሲሲኤን የተባለው የአሜሪካ የካንሰር ማዕከላት ኅብረት መመሪያ ያስጠነቅቃል። ጆሮ ግን መመሪያ አያነብም። «ለውጥ ተገኘብሽ» ስትባል የምትሰማው መርዶ ነው። ቀዶ ሐኪሙም «ቢአርሲኤ2» የሚለውን አይቶ «ያልታወቀ» የሚለውን ሊዘልለው ይችላል። በእርግጥ ጎጂ የሆነ የቢአርሲኤ2 ለውጥ ላለባት ሴት እንቁልጢዋን ማስወጣት የሚመከረው ከ40 እስከ 45 ዓመቷ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህች 38 ናት፤ ጥድፊያው ዛሬውኑ ይጀምራል። ከቪዩኤስ እርከን የሚወጡት ለውጦች ደግሞ አብዛኞቹ ወደ ጉዳት የለሹ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ የወጣ እንቁልጢ አይመለስም።

ይነገራት

የሳህኑን ነገር ተቀብያለሁ። አዲስ ደም ተቀድቶ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ምንም አይነገር። ከተረጋገጠ በኋላ ግን የምንጣላው በአነጋገሩ ላይ ነው። ወረቀቱ ቀድሞ አይሰጣት። መጀመሪያ የምትሰማው «ክትትልሽን የሚወስነው የራስሽና የቤተሰብሽ የሕመም ታሪክ ነው እንጂ ይህ ለውጥ አይደለም» የሚል ይሁን። ለቀዶ ሐኪሟ የሚጻፈውም ይኸው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዘረመሉ ስም በላይ ይቀመጥ። ዝም ማለቱ እኮ አይጠብቃትም፤ ነገ ሌላ ቦታ ብትመረመር ያንኑ ቪዩኤስ ማንም ሳያስረዳት ታገኘዋለች። በ2018 ደግሞ ሌላው የጡት ካንሰር ዘረመል በሆነው ቢአርሲኤ1 ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ ለውጦች አንድ በአንድ በሴል ውስጥ ተፈትነው ታትመዋል። እንዲህ ያለ መረጃ ሲወጣ፣ ለውጥ እንዳለባት ያላወቀች ሴት ምኑን ብላ ትጠይቃለች?

ይቆይ

እሷ ካልጠየቀች እኛ እንደውልላት፤ ግን ማን ነው የሚደውለው? የጥናት ገንዘብ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ነው። ሲያልቅ አስተባባሪዋ ሌላ ሥራ ትይዛለች፤ ተሳታፊዋ ስልክ ትቀይራለች፤ ናሙናው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ባለቤት አጥቶ ይቀመጣል። ጥሪ የሚደረግላቸው ሰዎች ዝርዝር በፕሮጀክቱ ሳይሆን በክሊኒኩ እጅ ይሁን፤ በየዓመቱ ምደባው የሚታይበት ቀን ይቆረጥ፤ የስምምነት ቅጹ ላይ የሁለት ዘመድ ስልክ ይኑር። ይህ ካልተሟላ አልነግራትም።

ይነገራት

እኔ ደግሞ ያ ካልተሟላ ደሟንም አልቀዳም።