የፊቴ የሕክምና ቦርድ

አገራችን የቆዳ ሐኪም ያንሳታል የሚል ሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ አያውቅም። ባለፈው ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ስሄድ ታክሲው ገና ሳይንቀሳቀስ ምርመራዬ አለቀ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አገጬ ላይ ያለው ብጉር ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ጉበትሽን ታይተሻል?» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ለምን ያደርጋሉ? ዕውቀት አይደበቅም። ከኋላ የነበረው ጎረምሳ «ኧረ ማዘር፣ የበርበሬ ነው» ብሎ ተቃወመ። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ «አግቢ፣ ይጠፋል» አለና ጉዳዩ ተዘጋ። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ። የከፈልኩት የታክሲውን ብቻ ነው።

34 ዓመቴ ነው። አግብቼ ሁለት ወልጃለሁ። ብጉሩም ሰርጌ ላይ ነበር፤ ፎቶው አለኝ።

ከዚህ ሁሉ ደግ ሰው ተደብቄ አንድ ጊዜ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ሐኪሟ የጉበቴን ስም እንኳን አላነሳችም። ከቆዳ ሥር ያሉት ዕጢዎች ቅባት ያበዛሉ፣ ቀዳዳው በሞተ ቆዳ ይደፈናል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ከዚያ ይቆጣል ብላ ቁጭ። አዳፓሊን የሚባል የሚቀባ መድኃኒት ማታ ማታ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ለሙሉ ፊት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ሌላ የሚቀባ ጠዋት። የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ።

«መቼ ይሻለኛል?» አልኳት።

«ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጠብቂ። መጀመሪያ ላይ ሊብስብሽም ይችላል።»

ሊብስብኝ! ከፍዬ! ደግሞ ፊቴ ከጠራ በኋላም መቀባቱን እንዳላቆም አስጠነቀቀችኝ። ብጉር እንደ ጉንፋን የሚሸኝ ሳይሆን ለዓመታት በትዕግሥት የሚያዝ ነገር ነው አለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ፊቱ ላይ ብጉር አልነበረበትም።

ሁለት ሳምንት ታገስኩ። ፊቴ ተላጠ። ቀዩ ፎጣዬ በቤንዞይሉ ነጭ በነጭ ካርታ ወጣበት። በሦስተኛው ሳምንት ቦርዱ ቡና ላይ በአስቸኳይ ተሰበሰበ።

አንዲት የዋህ «አለርት ብትታይስ?» ብላ ተሳሳተች። ቤቱ ጸጥ አለ። አለርት ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች የተቋቋመ፣ ዛሬ የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሆስፒታል መሆኑን የካደ የለም። ግን ሆስፒታሉ ያለበት ዘነበወርቅ ስትወርጂ ሰው ቢያይሽስ? ፊት ላይ ሎሚ ለቅልቆ ፀሐይ መሞቅ ግን ነውር የለውም። ስለዚህ ሎሚ ታዘዘልኝ። ለመኝታ ደግሞ የጥርስ ሳሙና። ብጉሩ እውነትም በሳምንቱ ሟሸሸ። ሎሚና ፀሐይ ተባብረው ያቃጠሉት ቦታ ግን ጠቁሮ እስከ ፋሲካ ጉንጬን ተከራየ።

ቢሮም ተቆርቋሪ አላጣሁም። ባልደረባዬ ከመሳቢያዋ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አራት ፍሬ ቆጥራ ሰጠችኝ፤ የወንድሟ ትርፍ ነው። ሐኪም ቢሆን ለሳምንታት ያዛል፣ ከሚቀባ ጋር ያጣምራል፣ ባክቴሪያው እንዳይለምደው ጊዜ ገድቦ ያስቆማል። እሷ ግን በአራት ፍሬ ትፈውሳለች።

የሁሉም ቁንጮ ግን ብልቃጧ ናት። ክዳኗ ሮዝ፣ ስሟ የለ፣ የተሠራችበት ቀን የለ። የኮስሞቲክስ ሱቋ ልጅ በማንኪያ እየጨለፈች ነው የሞላችልኝ። «አምስት ቀን» አለች። አምስት ቀን! ከዚያች ሐኪም 12 ሳምንት ጋር አስተያዩት። በአምስተኛው ቀን ፊቴ እንደ ሳህን አበራ። ቡና ላይ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ተባልኩ። ያን ዕለት እኔም የቦርዱ አባል ሆንኩ። ለአክስቴ ልጅ አንድ ብልቃጥ ገዝቼ ደሴ ላክሁ፤ እንዴት እንደምትቀባው በቪዲዮ ጭምር አሳየኋት።

ብልቃጧ ስታልቅ ብጉሩ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ተመለሰ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ቀይ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ይመስላሉ። ጉንጬ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታዩ ጀመር። አንገቴን ደፍቼ ወደ ሐኪሟ ተመለስኩ። ብልቃጧን ስታይ መልኳ ተለወጠ። ስቴሮይድ የሚባል፣ የቆዳ ቁጣን ለጊዜው የሚያበርድ መድኃኒት ሳይኖርበት አይቀርም፣ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል አለችኝ። አዳፓሊኑን እንደገና «ሀ» ብዬ ጀመርኩ። አሁን ሰባተኛ ሳምንቴ ነው።

ያን ዕለት እዚያው የሐኪሟ ደጅ ላይ ቆሜ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነበር። «ያንን ነገር ተዪው፣ የቆዳ ሐኪም ታዪ፣ ወራት ቢወስድም ታገሺ» አልኳት።

ሳቀች። «አንቺ ደግሞ» አለች፣ «ሐኪም ሆንሽ እንዴ?»