ዳምብልዶርን ምን ነካው?

መጽሐፍ ፊልም ሲሆን የሚቀነስ ነገር እንዳለ ይገባኛል። የሃሪ ፖተር አምስተኛው መጽሐፍ ከሰባቱም ወፍራሙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ፊልም ግን 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ብቻ። ይሁን፣ ጊዜ የለም እንበል። ፒቭስ የሚባለው በጥባጭ መንፈስ ከስምንቱም ፊልሞች ድራሹ የጠፋውም በዚሁ ሰበብ ይታለፍ።

ስድስተኛውስ? የክፉውን ጠንቋይ የቮልደሞርትን አስተዳደግ የሚያሳዩት ትዝታዎች አብዛኞቹ ተቆርጠው ወጡ። የጠንቋዮቹ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የዳምብልዶር ቀብርም ቀረ። ጊዜ አጥተው ነው እንዳትሉኝ! መጽሐፉ ላይ የሌለ የዊዝሊዎች (የሃሪ ጓደኛ የሮን ቤተሰብ) ቤት ቃጠሎ ጨምረውበታል። ማን ጠየቃቸው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አራተኛው ነው። የሃሪ ስም የውድድር ተሳታፊዎችን ከሚመርጠው አስማተኛ ጽዋ ሲወጣ፣ መጽሐፉ ላይ ዳምብልዶር ስምህን አንተ ነህ ወይ ያስገባኸው ብሎ የሚጠይቀው በእርጋታ ነው። በእርጋታ! ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ፊልሙ ላይ ሽማግሌው እየሮጠ መጥቶ ልጁን ጨምድዶ ይዞ ያንባርቅበታል። የሰውዬው ግርማ ሞገስ እኮ እርጋታው ነበር። ተዋናዩ ማይክል ጋምበን መጽሐፎቹን እንዳላነበበ ራሱ ተናግሯል። እሺ፣ እሱስ አላነበበም። ዳይሬክተሩስ? ስክሪፕት ጸሐፊውስ? እዚያ ሁሉ ሰው መሃል “ኧረ እንዲህ አይደለም” የሚል አንድ አንባቢ ጠፋ?